የጉበታችን ዘበኛ

ስለ በሽታ ከሐኪም በላይ የሚያውቅ ጎረቤት የሌለው ሰው በዓለም ላይ የለም። «እኔ የለኝም» የሚል ካለ፣ ሰውየው ገና የሚከራየው ቤት አላገኘም ማለት ነው፤ ታገሱ፣ ይመጣል። ሰላም ሲላችሁ እጃችሁን የጨበጠ ይመስላችኋል፤ እሱ ጥፍራችሁን እያየ ነው። ደረጃ ስትወጡ ቆሞ ያሳልፋችኋል፤ ትሕትና እንዳይመስላችሁ፣ ትንፋሻችሁን እያዳመጠ ነው። «ደህና ነህ?» ብሎ ከጠየቃችሁማ ወዮላችሁ። የምር መልስ ይፈልጋል።

ግብፅ፣ ታንታ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሕንፃችን፣ ይህን ሹመት የያዙት የአራተኛ ፎቁ ክቡር ኡስታዝ በህጋት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል ይባላል። ወሬ ነው። ትምህርት ቤቱ ተገላገለ እንጂ እሳቸው መቼ ማስተማር አቆሙ! ክፍሉ ወደ ደረጃችን ተዛወረ፣ ተማሪዎቹም እኛ ሆንን። እኔና እሳቸው የአንድ መንደር ልጆች ነን፣ የከፍር አቡ ሸማ። ጥቂት ዓመት ስለሚበልጡኝ ጸጉሬ ሸብቶም «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ።

የሚያስተምሩት አንድ ትምህርት ብቻ ነው። ካንሰር።

ይኸው፣ ጻፍኩት፤ ስጽፈው እጄ ቀዘቀዘ። እኛ ሰፈር ይህ ቃል አይነሳም። «ያ በሽታ» ነው የሚባለው፣ እሱም በሹክሹክታ፤ ሴቶቹ ደግሞ ወዲያው «ክፉው ከደጅ ይቅር» ብለው ይጨምሩበታል። ሰው ሞቶ እንኳ «ከረጅም ሕመም በኋላ» ይባላል እንጂ የገደለው በስሙ አይጠራም። ኡስታዝ በህጋት ግን ከአራተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ሆነው፣ ታች ጋሪ ለሚገፋው ቲማቲም ሻጭ፣ «ካንሰር ቀድመው ከያዙት ይድናል!» ብለው ይጮኹለታል። ሻጩ ጋሪውን ይዞ ይሮጣል፣ ሴቶቹ መስኮት ይዘጋሉ፣ የዚያን ቀን ቲማቲም አይገዛም።

ባለቤቴ ኢንሺራህ እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ ከሰገነት ቅርጫት በገመድ ታወርዳለች፤ ሻጩ ሙሉኪያ የሚባለውን የወጥ ቅጠል ያስገባል፣ እሷ ትስባለች። አንድ ቀን ቅርጫቱ ሲወጣ ሙሉኪያው ላይ የጋዜጣ ቁራጭ ተጋድሞበታል። ከላይ አነጣጥረው የጣሉት እሳቸው ናቸው። በቀይ እስክሪብቶ «አዲስ ጥናት ወጥቷል! ለሉጥፊ ይነበብለት» ይላል። ሉጥፊ እኔ ነኝ። ኢንሺራህ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ መጣያው ወሰደችው፤ ሙሉኪያውንም ሦስቴ አጠበችው።

ኡስታዙ ሠርግ ተጠርተው ሙሽራውን ሲስሙት የዓይኑን ቆብ ገልብጠው አዩ። «ቢጫ ነው» አሉ። የሙሽራዋ እናት አዳራሹ መሃል ተዝለፈለፈች። ቢጫው የአዳራሹ አምፖል ነበር። ይቅርታ የጠየቁ እንዳይመስላችሁ፤ «ቢሆንም ይመርመር፣ ምን ይጎዳዋል?» ብለው ኬካቸውን በሉ። የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ቁርኣን ተቀርቶ ሲያበቃ ሰው ሁሉ «አላህ ያጽናችሁ» ብሎ ያልፋል፣ እሳቸው የሟቹን ልጅ እጅ ይዘው፣ «መቼ ነው የታወቀው?» ይላሉ። «ዘግይቶ ነው፣ ኡስታዝ።» «ዘግይቶ!» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ድንኳኑ ውስጥ በተቀመጥነው ሁሉ ላይ እያዞሩ። ቡናችንን ሳንጨርስ ሲኒውን እናስቀምጣለን።

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ የምጽፈው ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ፍርሃቴን ልንገራችሁ። አባቴ በጉበት ሞተ። ሁለት የአጎቶቼ ልጆች በጉበት ሞቱ። እኛ መንደር ወንድ ልጅ ስልሳ ዓመት ሲጠጋ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ከዚያ ሰው ጫማውን እያወለቀ ሊጠይቀው ይገባል። እኔም የጉበት ቫይረስ ነበረብኝ፤ የዛሬ ጥቂት ዓመት አገር ምድሩ ሲመረመር ተገኘብኝ፣ ኪኒኑን ዋጥኩ፣ ቫይረሱ ጠፋ። ሐኪሙ ግን ሲያሰናብተኝ፣ «ቫይረሱ ሄዷል፣ ጠባሳው ግን ጉበትህ ላይ አለ። እዚያ ጠባሳ ላይ ነገር ሊበቅል ይችላል። በየስድስት ወሩ ና» አለኝ። እሺ አልኩት። ተመልሼ አልሄድኩም። ያላዩት ነገር የለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ቀን ቀን አምነው ነበር፣ ሸሚዝ ስቀይር ግን ጎኔን ላለማየት ከመስታወት ዞር እላለሁ።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ! ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ዶክተር ሻሂናዝ የምትባል ተመራማሪ አዲስ የደም ምርመራ ልትሞክር ከናይል ደልታ መንደሮች ሰው መሰብሰብ ጀመረች። ይህን ዜና ኡስታዝ በህጋት እንደ ዒድ ተቀበሉት። ማንም ሳይቀጥራቸው ራሳቸውን ሾሙ። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ሚኒባስ አቁመው ሰው ይጭናሉ። ምርመራውን ደረጃው ላይ ቆመው ሲያብራሩ እንዲህ ነው፤ «ዕጢ ገና ምስር ሳያክል፣ ገና ሳያምህ፣ ደምህ ውስጥ ፍርፋሪ ይጥላል። በአልትራሳውንድ አይታይም። ይህቺ ልጅ ግን ፍርፋሪውን የሚለቅም ማሽን አላት። ቀድመህ ያዘው፣ አንተ ልጅ! ቀድመህ ያዘው!»

እኔ መሸሽ ጀመርኩ። ረቡዕ ጠዋት ጫማዬን በእጄ ይዤ በካልሲ ደረጃ ስወርድ ኢንሺራህ በሩን ከፍታ ያዘችኝ።

«የሚርቫት አባት፣ በካልሲ ወዴት ነው?»

«ዝም በይ! ኡስታዙ ይሰማሉ።»

«ይስሙ እንጂ! እንደምትሸሽ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

እውነትም ታች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ጫማዬን ከእጄ ተቀብለው እግሬ ሥር አስቀመጡልኝ። «አድርግ» አሉ። አደረግሁ። ይኸው ነው፤ ጀግንነቴ በዚህ አለቀ።

ደሜን ሰጠሁ፣ ተመለስኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ዶክተር ሻሂናዝ ነበረች፤ ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ልስላሴው ነው ያስደነገጠኝ። «ሐጅ ሉጥፊ፣ ማሽኑ አንድ ነገር አሳይቶናል። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። እሑድ ይምጡና ሲቲ ስካን እናንሳዎት።» ስልኩን ዘጋሁ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ኢንሺራህ ከማዕድ ቤት ወጥታ ፊቴን አየችው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቤተሰብ ለበሽተኛው አይነግርም፤ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዘው «ለሱ እንዳትነግሩት» ይሉታል፣ በሽተኛው ደግሞ የማያውቅ መስሎ ይሞታል። ባለቤቴ ይህን ወግ በኔ ላይ ልትጀምር ተነሳች።

«ጨጓራ ነው» አለች።

«ኢንሺራህ፣ የደወሉት እኮ ለኔ ነው!»

«ቢሆንም ጨጓራ ነው። ቅመም አበዛሁብህ።»

«በጆሮዬ ነው የሰማሁት እኮ!»

«አንተ ደግሞ መች ደህና አድርገህ ትሰማለህ» አለችና ተመልሳ ገባች። ማዕድ ቤቱ ውስጥ ውሃው ሲፈስ ሰማሁ። ዕቃ የምታጥብ ለመምሰል ነው፤ የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።

እስከ እሑድ ያለውን ቀን እንዴት ልንገራችሁ? እንቅልፍ የለም። ስበላ ጎኔን እነካለሁ፣ ስነካው ያመኛል፣ ያመመኝ ስለነካሁት ነው ብዬ እተወዋለሁ፣ እንደገና እነካዋለሁ። የልጄን የሚርቫትን ስልክ አላነሳም፣ ድምፄ ያሳብቅብኛል። ከሁሉ የባሰው ግን ኡስታዝ በህጋት ናቸው። ዝም አሉ! ያ ሁሉ ጩኸት ጠፋ። ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ትከሻዬን ነካ አድርገው ያልፋሉ። ሰገነታቸው ላይ ወጥተው ምንም አይናገሩም። ሰውየው አፋቸውን ከዘጉ፣ የኔ ነገር አልቋል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

እሑድ ሦስታችን ሄድን። ሲቲ ስካኑ ተነሳ፤ ኢንሺራህ ልትጸልይ ወጣች፣ እኔና ኡስታዙ ኮሪደሩ ላይ ውጤት ስንጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ኧረ ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ይናገሩ» አልኩ። «ዝምታዎ ሊገድለኝ ነው።»

ወለሉን እያዩ፣ «የቢልሃርዝያውን መርፌ ታስታውሳለህ?» አሉኝ።

የማያስታውስ የለም። ልጆች ሆነን ቦይ ውስጥ እየዋኘን ሁላችንም ቢልሃርዝያ ነበረብን። መርፌ የሚወጉ ሰዎች ትምህርት ቤት ይመጣሉ፣ በሰልፍ እንቆማለን። መርፌው አንድ ነው፤ አንዱን ይወጉና በፈላ ውሃ ነከር አድርገው ቀጣዩን። ያን ጊዜ ማን ምን ያውቃል! ቢልሃርዝያው ዳነልን፤ የጉበቱ ቫይረስ ግን በዚያው መርፌ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ተሻገረ።

«አለቃው እኔ ነበርኩ» አሉ። «የክፍል አለቃ። ሰልፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። የሸሸውን የምይዘውም እኔ። አንተ ዶሮ ቤት ገብተህ ተደበቅህ፤ ትንሽዬ ነበርክ። በእግርህ ጎትቼ አወጣሁህ። እያለቀስክ እጄን ነከስከኝ። መርፌው ጋ አድርሼ አስያዝኩህ።»

እኔ ምንም አላስታወስኩም። የዶሮ ኩስ ሽታ ግን አፍንጫዬ ላይ መጣ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ።

«እርስዎስ?» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

«የኔ ተራ መጨረሻ ነበር። ስሜን ሲጠሩ በአጥሩ ዘልዬ ጠፋሁ።» ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «መርፌ እፈራለሁ፣ ሉጥፊ። እስካሁን እፈራለሁ።»

ልሳቅ? ልምታቸው? አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልመታቸው እጄን አንስቼ ነበር። ከዚያ ሌላ ነገር ገባኝ። «ቆይ፣ ያን ሁሉ ሰው በሚኒባስ ሲያመላልሱ፣ እርስዎ ደም ሰጥተዋል?»

ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«አንድ ቀን እንኳ?»

«ያንን ሰልፍ ሁሉ ቀበርኩት» አሉ። «አባትህን ስንቀብር አጠገብህ ነበርኩ። የአጎቶችህን ልጆች በእጄ ነው መቃብር ያወረድኳቸው። አሁን እዚያ የደም መስጫ ወንበር ላይ ተቀምጬ... ታመሃል ቢሉኝ አልፈራም፣ ወላሂ አልፈራም። ምንም የለብህም እንዳይሉኝ ነው የምፈራው።»

በዚያው ቅጽበት ስሜ ተጠራ።

ዶክተር ሻሂናዝ ሥዕሉን በመብራት ላይ ሰቅላ ጠበቀችን። ኢንሺራህ ገና ከበሩ፣ «ጨጓራ ነው አይደል ዶክተር?» አለች፤ በዓይኗ ትጠቅሳታለች፣ ሁለት ዓይኗን ነው የምትጠቅሰው፣ አይችሉበትም እነዚህ ሴቶች። ዶክተሯ ግን እኔን አየችኝ። «ሐጅ ሉጥፊ፣ ዕጢ ነው። ሽንብራ ቢያክል ነው። አንድ ብቻ ነው፣ የትም አልሄደም። በቀጭን መርፌ ገብተን በሙቀት እናቃጥለዋለን። ከዚያ ለጥናቱ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ የሰውነትዎን ዘቦች ቀስቅሶ እንዳይመለስ የሚያስጠብቅ አዲስ መድኃኒት እየሞከርን ነው። ይሠራል ብዬ ቃል አልገባም። ተስፋ አለኝ።»

«ማሽኑ ተሳስቶስ ቢሆን?» አልኩ። የሰመጠ ሰው እንደሚጨብጠው ያገኘሁትን ጨበጥኩ።

«በእርስዎ አልተሳሳተም፤ ሥዕሉም ይኸው ነው። በሌሎች ላይ ግን በከንቱ የሚጮኽበት ጊዜ አለ፣ ችግሬም እሱ ነው። መቼ በከንቱ እንደሚጮኽ ለማወቅ ከእናንተ መንደር፣ በእናንተ ዕድሜ፣ ያንኑ ውሃ የጠጣ፣ ያንኑ ዳቦ የበላ፣ ቫይረሱ ግን ያልነካው ሰው ደም እፈልጋለሁ፤ ከታመሙት ጋር የማስተያየው። ከየት ላምጣ? ሁሉም ተወግቷል። እንደዚያ ያለ ሰው ባገኝ ወርቅ ነበር።»

እኔ ወደ ኡስታዙ ዞርኩ። ኡስታዝ በህጋት መስኮቱን ያያሉ። መስኮቱ ላይ ምንም አልነበረም።

የሚቃጠልበት ቀን ደረሰ። ከኋላ የሚከፈተውን ቀሚስ አለበሱኝ፣ ተሽከርካሪው አልጋ ላይ አጋደሙኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፍርሃቴ ጥርሴን ያንቀጫቅጨው ነበር። ጉበቴ ውስጥ ትኩስ መርፌ ሊገባ ነው! ነርሷ አልጋውን ልትገፋ ስትል ቁጭ አልኩ።

«አልገባም።»

«ምን ሆንክ?» አለች ኢንሺራህ።

«እሳቸው ያቺ የደም መስጫ ወንበር ላይ ካልተቀመጡ አልገባም።»

«ያመዋል» አሉ ኡስታዙ ለነርሷ። «ፍርሃት ነው፣ ግፊው።»

«አልገባም አልኩ!»

ኡስታዝ በህጋት አንዴ እኔን፣ አንዴ የደረጃውን በር አዩ። ከዚያ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ እኚያ ክቡር ሽማግሌ በሩን ከፍተው ሮጡ! እኔም ከአልጋው ወርጄ፣ በዚያ ከኋላ በተከፈተ ቀሚስ፣ መላው ኮሪደር ጀርባዬን እያየ ተከተልኳቸው። ከሁለተኛው ዕርከን ላይ ኮታቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። «ልቀቀኝ፣ አንተ ልጅ!» «አልለቅም!» እየተጓተትን ተመለስን። ሁለታችንም እናለከልካለን፣ ሁለታችንም እያለቀስን ነበር ልበል፣ ወይስ ላብ ነው።

ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። ነርሷ ክንዳቸውን በላስቲክ ስታስር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግንባራቸውን ሆዴ ላይ አስደግፌ ራሳቸውን ያዝኩላቸው። «ወደዚያ አይዩ፣ ኡስታዝ። አለቀ። ሊያልቅ ነው። አለቀ።» ጉበቱ ሊወጋ የተዘጋጀው ሰው፣ አንድ ማንኪያ ደም የሚሰጠውን ሰው ያባብላል። በዚያ ሰዓት እኚህን አስቸጋሪ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ሲገባኝ ደነገጥኩ። ከዚያ አልጋዬ ላይ ወጥቼ ገባሁ።

ዕጢው ተቃጠለልኝ። አዲሱን መድኃኒት በክንዴ እየወሰድኩ ነው፤ ሦስት ወር ሲሞላ እንደገና ሥዕል ይነሳልኛል። ድኛለሁ ብዬ አልፎክርም፤ ማንም እንደዚያ አላለኝም።

ባለፈው ዓርብ ለምሳ ስንቀመጥ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ኡስታዝ በህጋት ናቸው። እንደ ወትሮው በቀጥታ አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ፊታቸው ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው ፊት ነው።

«ሻሂናዝ ደወለችልኝ» አሉ። «ቫይረሱም፣ ዕጢውም... ምንም የለብኝም፣ ሉጥፊ። ምንም።»

አባቴን አሰብኩ። የአጎቶቼን ልጆች አሰብኩ፣ አንድ በአንድ፣ ያን ሰልፍ ሁሉ። ንዴት ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«እንኳን አመለጡ» አልኳቸው። «ከሁላችንም አንዱ እንኳን አመለጠ።»

እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው፣ ኢንሺራህም ሳትጠይቅ ሌላ ሳህን አመጣች።